ፎገራ ላይ ሰኔና ሰኞ ሲገጥሙ

እኔ የብርድ አገር ሰው ነኝ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ ደብረ ብርሃን ተድሬ፣ ከጋቢ ሳልለይ እዚህ ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። እንጀራዬ የአየር ትንበያ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ካርታ ዘርግቼ "ሰሜን ምዕራብ፣ የጣና ዙሪያ" እያልኩ ስጽፍ ስንት ዓመት እንደሆነኝ እኔም ረስቼዋለሁ፤ ጣናን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። የሩዝ ማሳማ ጭራሽ። ዘንድሮ አለቃችን "ወረቀት መላክ ብቻውን አልበቃም፤ አንድ ሰው ፎገራ ወርዶ ለገበሬው በአፉ ይንገር" ቢል፣ ከሁሉ ቀድሜ "እኔ እሄዳለሁ" አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ወዲያው ብጸጸትም መመለሻ አልነበረውም።

የዘንድሮው ትንበያችን ሁለት ነገር ይል ነበር። በግንቦት መጨረሻ በጣና ዙሪያ ደህና ዝናብ ይጥላል፤ ከዚያ ግን ዐሥር ቀን ለሚሆን ጊዜ ተቋርጦ ፀሐይ ይሆናል። ክረምቱ አንዴ ከያዘ ደግሞ ይበረታል፣ ወንዞቹም ሜዳው ላይ ይወጣሉ። ይህ ለሩዝ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ የገባኝ እዚያ ከደረስኩ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዝናብ የዘራ ቡቃያው በፀሐይ ይደርቅበታል። አብዝቶ የዘገየ ደግሞ ሩዙ ቁመት ሳያወጣ ጎርፍ ይደርስበታል።

ማክሰኞና ረቡዕ፣ ግንቦት 25 እና 26

ማክሰኞ አዲስ አበባ አድሬ ረቡዕ ማለዳ የባሕር ዳር አውቶቡስ ያዝኩ። ከቤት ስወጣ ሹራብ፣ ካፖርትና ጋቢ ደርቤ ነበር። የዓባይ በረሃ ውስጥ ጋቢውን አወለቅኩ፣ ደጀን ላይ ካፖርቱን፣ ደብረ ማርቆስን ስናልፍ ሹራቡን። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ "ልጄ፣ መንገዱ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ትንሽ ልብስ አስቀሪ" ብለው አሳቁብኝ። ለጊዜው ተናደድኩ፤ ቆይቼ ግን እኔም ሳቅኩ።

ማታ ባሕር ዳር ያደርኩበት ቤት ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ወረደ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ዝናብ ከበረዶና ከውርጭ ጋር ነው የሚመጣው፤ እዚህ ግን ሞቅ ያለ፣ ዶፍ፣ ልብ የሚያሳርፍ ነው። ሌላው እንግዳ ሁሉ "ተመስገን" ሲል እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ቀን እቆጥር ነበር። አታላዩ ዝናብ ባልነው ሰሞን ከች ብሏል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 27

ወደ ወረታ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሐሙሲት ላይ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ይቅርታ ብሎ ወደ ሌላ መኪና አዛወረን፤ ዕቃችንንም ከጣሪያ ወደ ጣሪያ አሸጋገረልን። የጉማራን ድልድይ ከተሻገርን በኋላ ነው ዞር ብዬ ዕቃዬን የጠየቅኩት። ሻንጣዬ አለ። በሲባጎ ያሰርኩት የትንበያ ወረቀት እስር ግን የለም። አንበሳሜ የሚሄድ መኪና ላይ ተጭኗል። ሾፌሩን የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ የጾም ሰሞን ነው።

ወረታ ስወርድ ፊቴ እንደ ክረምት ሰማይ ጠቁሮ ነበር መሰለኝ፣ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው አቶ ሰይድ የሚባሉ ሰው ወንበር አወጡልኝ። ሻይ አስመጡልኝና ነገሩን ሰሙኝ። ከዚያ ስልካቸውን አንስተው አንበሳሜ ገበያ ለሚነግድ አማቻቸው ደወሉ።

"ወረቀት አይጠፋም፣ እሜቴ" አሉኝ ስልኩን እየዘጉ። "አንበሳሜ ሰው ጤፍ እንጂ ወረቀት አይበላም። ደሞ የሚናገረው ወረቀቱ ነው ወይስ እርስዎ?"

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለምሳ ከጎናቸው ካለው ምግብ ቤት ሽሮ አዘዙልኝ። እንጀራው ጸዓዳ ሆኖ ሲመጣ "ይህማ ማኛ ጤፍ ነው፤ ለእንግዳ ይህን ያህል?" ብል የምግብ ቤቱ ባለቤት ሳቀችብኝ። ከሩዝ ጋር የተቀላቀለ ነው። ደብረ ብርሃን ሩዝ የታመመ ሰው ምግብ ነው፤ እዚህ ቤት የሚሠራበት፣ ልጅ የሚዳርበት እህል ነው። ማታ ያረፍኩበት አልጋ ቤት አጎበር ሰጡኝ። አገሬ የወባ ትንኝ የለምና አገባቡን ባለማወቄ አንዷን ትንኝ ከራሴ ጋር ዘግቼባት አብረን አደርን።

አርብ፣ ግንቦት 28

ጠዋት አቶ ሰይድ ሱቃቸው ዘይት ልትገዛ ከመጣች ሴት ጋር አገናኙኝ። እንጉዳይ ትባላለች፤ ከወረታ ብዙ የማይርቀው የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ነች። ባሏን ካጣች ሦስት ክረምት ሆኗታል። "እርስዎ" ብላት "አንቺ በይኝ፣ እታለም፤ እኩያ አይደለን ወይ" አለችኝና ቤቷ እንዳድር በዚያው ቆረጠች። ባጃጁ ከአስፋልቱ ላይ አውርዶን በእግር ቀጠልን። አፈሩ ዋልካ ነው፤ የጥቁር አፈር ሙጫ በሉት። መቶ እርምጃ ሳልሄድ አንድ ጫማዬን ዋጠው። እንጉዳይ እስከ ክንዷ ገብታ አወጣችልኝና "ጫማሽን አውልቂ እንጂ፤ መሬቱ የሚያከብረው ባዶ እግር ነው" አለችኝ።

ሜዳው ማለቂያ የለውም። እኛ ጋ ሰማይ በተራራ መካከል የሚታይ ቁራጭ ነገር ነው፤ ፎገራ ግን ሰማዩ መሬት ድረስ ይወርዳል። ይህን ሰማይ ስንት ዓመት በወረቀት ሳየው ኖሬ ከሥሩ ስቆም ትንሽ ፈራሁ። የፎገራ ላሞች እንደ ወይዘሮ ረጋ ብለው ያልፋሉ። ወተታቸው ስሙ የገነነ ነው፤ እኔ ግን የደረስኩት የሰኔ ጾም በገባ በአምስተኛው ቀን ነው። እንጉዳይ ማለቢያውን አጥባ ስትሰቅል እያየሁ ተልባ ጠጣሁ።

ቤቷ ከቆጡ ላይ አንድ ጆንያ አወረደች። ዘሯ ነው። ከዚህ ሌላ የላትም። አምና በመጀመሪያው ዝናብ ዘርታ ቡቃያው ደርቆባታል፤ ተበድራ ብትደግመው ጎርፍ ደርሶበታል። ዘንድሮም ከጠፋ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ወረታ ሰው ቤት ልትቀጠር ነው። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ አልተለወጠም፤ እጇ ግን የጆንያውን አፍ ደጋግሞ ይቋጥር ነበር።

"መቼ ልትዘሪ ነው?" አልኳት።

"ነገ። ወንፈሉ የኔ ተራ ነው።"

ወንፈል ማለት ለማያውቅ፣ ገበሬዎች ተራ ገብተው ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን ማሳ በጋራ በሬና ጉልበት የሚሠሩበት ነው። በሬ ለሌላት ሴት ተራዋን ማለፍ ማለት ክረምቱን ማለፍ ማለት ነው። ለምን እንዲህ ተቻኮላችሁ ብላት "አልሰማሽም ወይ? ዘንድሮ ሰኔ አንድ ሰኞ ይውላል" አለችኝ።

እኔስ የአበሻ ልጅ አይደለሁ? ሰኔና ሰኞ ሲገጥሙ ዓመቱ ክፉ ነው መባሉን እናቴም ትለው ነበር። ቁሐር ሚካኤል ደግሞ ሰዉ ሁሉ ዘሩን ከዚያ ሰኞ በፊት መሬት ሊያስገባ ተማምሏል። ዝናቡም ጥሏል፤ መሬቱም ታርሶ፣ ተደግሞ፣ ተሰልሶ ይጠብቃል። የእኛ ካርታ አትዝሩ ባለበት ቀን እነሱ ለመዝራት በሬ ሲጠምዱ ነው የደረስኩት።

በዘጠኝ ሰዓት የወንፈሉ አባላት አያ መኳንንት ደጅ ተሰበሰቡ። የወንፈሉ አለቃ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃላቸው አጭር። የደብሩ መሪጌታም አብረው ተቀምጠዋል። እኔ ወረቀት የለኝም፣ ካርታ የለኝም፣ አንድ እግሬ ላይ ዋልካ እንደ ቦት ጫማ ደርቋል። በአፌ ብቻ ነገርኳቸው። ዝናቡ እንደሚቋረጥ፣ ቢታገሡ እንደሚሻል ተናገርኩ። በመጨረሻም ኮራ ብዬ "እንግዲህ ሰኔ 12 ጠዋት በሬያችሁን ጥመዱ" አልኳቸው።

ደጁ በሳቅ ተናጋ። አያ መኳንንት እንኳ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

"እሜቴ" አሉ፣ "ሰማዩን ያውቃሉ፤ ሚካኤልን ግን አያውቁትም። ሰኔ 12 የደብራችን ንግሥ ነው። በዚያ ቀን ቁሐር ላይ በሬ የጠመደ ሰው ኸዚህ አገር ይወጣል።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ሳቁ ረዳኝ፤ ከሳቁ በኋላ እኔን እንደ መሥሪያ ቤት ሰው ማየታቸውን ተዉ። አያ መኳንንት "ይህ የሚሉት መቋረጥ፣ እርግጥ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። መዋሸት ይቻል ነበር። "ከዐሥር ሰባት ነው" አልኩ፣ "ሦስቱ ሊያሳፍረኝ ይችላል።"

"ሰባት" አሉ። "ኸሰኞውስ ጋር እንዴት እንሆናለን?"

መሪጌታው ከተቀመጡበት ቀና አሉ። "ሰኔም ሰኞም የእግዚአብሔር ናቸው። ይልቅ አንድ ጆንያ ይዛ የተቀመጠችውን እንጉዳይን ስሟት።"

እንጉዳይ ተነሣች። በወንዶቹ ፊት መናገር አታበዛም አሉኝ በኋላ። "እኔ አምና ኸሰኞም ኸማክሰኞም ሳልጣላ ነው የደረቀብኝ" አለች። "ኸዐሥር ጥጃ ሰባቱ የሚያድግ ኸሆነ የትኛችሁ ናችሁ ላም የማታረቡ? እኔ ዘሬን አላወጣም። ነገ በተራዬ የውኃ መከልከያ ሥሩልኝ፣ የማሳዬን ድንበር በአፈር ከፍ አድርጉልኝ። የምዘራው ሚካኤልን ውዬ ነው።"

አያ መኳንንት ፈረዱ። ወንፈሉ በሙሉ እስከ ሚካኤል ማግስት ዘር አያወጣም፤ እሳቸው ግን ከራሳቸው ማሳ አንዲት መደብ ብቻ ነገ ይዘራሉ። "ለምስክር ትሁን" አሉ። "እርስዎንም፣ ሰኞንም የምትመሰክር።"

ቅዳሜና እሑድ፣ ግንቦት 29 እና 30

አያ መኳንንት መደባቸውን ዘሩ። የቀረነው የእንጉዳይን ማሳ ድንበር በአፈር ከፍ ስናደርግ ዋልን፤ "የቀረነው" ያልኩት እኔም ስለነበርኩበት ነው። ወገቤ እስከ ዛሬ ይመሰክራል። ማታ የጣለው ዝናብ ግን ከሁሉ የባሰ ነበር። እሑድም ደገመው። ከቅዳሴ ስንወጣ ሰላምታው ቀዝቀዝ አለ። አንዷ ሴት ለሌላዋ "ይህ ነው የተቋረጠው?" ስትል ጆሮዬ ገባ። ለአለቃዬ ደውዬ ፈቃድ ጠየቅኩ።

"ቀሪውን ቀን ምን ልትሠሪበት?" አለኝ።

"ወይ ልኮራ፣ ወይ ልዋረድ። እዚሁ ሆኜ ነው የምቀበለው።"

ሰኞ፣ ሰኔ 1 እና ከዚያ ወዲያ

ሰኞ ሲነጋ ሰማዩ ተጠርጎ የወጣ መሰለ፤ አንዲት ደመና አልነበረችም። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ አያ መኳንንት ራሳቸው መጥተው ማሳቸው ዳር አቆሙኝ። መደቧ አረንጓዴ ሆናለች፤ ለስላሳ ቡቃያ ብቅ ብሏል። "እንግዲህ" አሉ ብቻ። ያን ዕለት ራት አልበላሁም። ሊሰድቡኝ ሲገባ አልሰደቡኝም፤ እሱ ነው የከበደኝ።

በዚሁ ቀን ወረቀቴ ተገኘ። አቶ ሰይድ በሰው ላኩልኝ፤ እስሩ ግማሽ ሆኗል። አማቻቸው ቤት ከመድረሱ በፊት አንድ ነጋዴ በርበሬ ሲጠቀልልበት ሁለት የገበያ ቀን ውሏል። በርበሬ የገዙ የአንበሳሜ ሰዎች የመጀመሪያውን ገጽ አንብበው "ዝናቡ ይቋረጣል" የሚለው ላይ ስለሚያልቅባቸው፣ "የቀረውን ስጠን፣ ከዚያስ ምን ይሆናል?" እያሉ ሱቁን አጣበውት ነበር አሉ። በሥራ ዘመኔ እንደዚህ የተነበበልኝ ትንበያ የለም። በርበሬው እያስነጠሰኝ ሳቅኩ፤ እንጉዳይም አብራኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፀሐይ ነው። አርብ ፀሐይ፣ ቅዳሜ ፀሐይ። ሰኔ 8 ዋልካው መሰንጠቅ ጀመረ። ሰኔ 9 የአያ መኳንንት ቡቃያ ጫፉ ቢጫ ሆነ፣ በማግሥቱ እንደ ገለባ ተኛ። ማንም አልሳቀም፣ እኔም አልተደሰትኩም ብል እዋሻለሁ፤ ደስ ብሎኛል፣ በደስታዬም አፍሬያለሁ። ሰውየው ግን ማሳቸው ላይ ቁመው ጮክ ብለው፣ መንገደኛ እንዲሰማ፣ "ሰባቱ ደርሷል፤ የደረቀው አንዲት መደብ ነው፣ የተረፈው የአገር ዘር ነው" አሉ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው እኛም ቢሮ ቢኖረን ብዬ ተመኘሁ።

ግን የቀረ ነገር ነበር። ዝናቡ መመለስ አለበት። ሰኔ 11 ማታ ሰማዩ አሁንም ጥርት ያለ ነው። ከዚህ ከዘገየ ዘሩ ቢድንም ሩዙ ጎርፍን አይቀድምም። እንጉዳይ ጆንያዋን አውርዳ በእጇ ዘሩን እያገላበጠች "ዝናቡ ቃልሽን ይሰማል?" አለችኝ። ፈርቻለሁ አልኳት። እውነቱ እሱ ነበር። የራቱን ሳህን ወደ እኔ ገፋችና "ፈርተሽም ብዪ" አለች።

አርብ፣ ሰኔ 12

ሚካኤል። ሜዳው ነጭ በነጭ ሆነ፤ ከአራቱም ማዕዘን ሰው ይጎርፋል። ደብረ ብርሃን ንግሥ ሲሆን ካህናቱ ሳይቀሩ ከብርዱ የተነሣ ይቸኩላሉ፤ እዚህ ግን ታቦቱ ሲወጣ ጊዜው ራሱ ዝግ ይላል። እኔ ካህናቱን ትቼ ወደ ሐይቁ ማየት አበዛሁ። በሰባት ሰዓት ገደማ በጣና በኩል አንድ ጥቁር መስመር ታየ። መስመሩ አደገ። ነፋሱ ዞሮ ቀዝቃዛ ሆኖ መጣ፤ ያን የዝናብ ሽታ ዐውቀዋለሁ፣ ስንት ዓመት የኖርኩበት ሽታ ነው። ታቦቱ ሦስተኛውን ዙር ሲጨርስ የመጀመሪያዋ ጠብታ እጄ ላይ አረፈች።

ከዚያ ወረደ። ማንም ወደ ጥላ አልሮጠም። እልልታው ከዝናቡ በላይ ሆነ፣ ካህናቱ በጃንጥላቸው ሥር እየዘመሩ ቀጠሉ፣ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ይረጠባሉ። እንጉዳይ በሕዝቡ መካከል ጥሳ መጥታ በሁለት እጇ ትከሻዬን ያዘች። አልቻልኩም፤ እንደ ልጅ አለቀስኩ። የሚካኤል ነው እንጂ የካርታዬ ነው አልልም፤ ግን ደስታው የእኔም ነበር፣ ደብቄው አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 13

ጎህ ሲቀድ የበሬ ኮቴ ሰምቼ ወጣሁ። በወንፈሉ ሕግ ተራው ከአያ መኳንንት ነበር የሚጀምረው፤ ምክንያቱም እንጉዳይ ተራዋን በድንበር ሥራ ተጠቅማበታለች። ሰውየው ግን ጥማዳቸውን ነድተው፣ የቀሩትን አስከትለው እንጉዳይ ማሳ ላይ ቆመዋል።

"አያ መኳንንት፣ ተራው የርስዎ ነው እኮ" አለች እንጉዳይ።

"ወንፈሉ ኸዚህ ይጀምራል" አሉ። "መጀመሪያ 'አልዘራም' ያለችው ናት መጀመሪያ የምትዘራው።"

ዘሯን ራሷ በተነችው። ጆንያው እያየሁት ጎደለ። በሬዎቹ ከኋላዋ እያረሱ ሸፈኑት። በስድስት ሰዓት የወንፈሉ ሰው ሁሉ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ድንበሩ ላይ ተቀምጦ ሽምብራ ቆሎ ሲቆረጥም፣ የጆንያው ባዶ ጨርቅ እንጉዳይ ትከሻ ላይ ነበር። በማግሥቱ እሑድ ወደ አገሬ ተሳፈርኩ።

ይህን የምጽፈው ነሐሴ ነው። ደብረ ብርሃን ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤ፣ የውጪው ጉም መስኮቱን ሸፍኖታል። ባለፈው ሳምንት ጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ መውጣቱን ከሪፖርት አነበብኩና ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዝልሽ አለኝ። ለእንጉዳይ ስደውል አይነሣም። በዘጠኝ ሰዓት እሷ ደወለች። ከጀርባዋ የውኃ ድምፅ ይሰማል።

"እታለም፣ ውኃው ማሳዬ ገባ" አለች።

"ሩዙስ?" አልኳት።

"ውኃው ጉልበቱ ላይ ነው። ሩዙ አንገቱን አውጥቶ ቆሟል። ሁሉም ቆሟል፤ የአያ መኳንንትም፣ የሁላችንም።"

ቢሮው መካከል፣ በአለቃዬ ፊት፣ እልል አልኩ።